ያልተበላ መብራት በምን ይቆጠራል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ሰመር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ የመብራት ድርጅቱ ‹ዛሬ ከሰዓት በኋላ ፍጆታዎን ይቀንሱ፤ ለቀነሱት እንከፍላለን› የሚል መልእክት ይልክልኛል። አንድ ቀን ኤሲውን ቀነስኩ፣ ልጆቹን ቤዝመንት አወረድኩ፣ እንጀራውንም ለማታ አቆየሁት። የተከፈለኝ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። በዚያው ቀን ጠዋት ወደ አዲስ አበባ የበረረው ጎረቤቴ ግን 7 ዶላር ከ50 አገኘ። ምን ያህል እንደቀነስኩ በምን አወቁ? ደግሞስ ‹ዋጋ ሲጨምር ደንበኞች ፍጆታቸውን በዚህን ያህል ቀነሱ› የሚሉት ካለፈው ዓመት ቢል ጋር እያነጻጸሩ ነው?»

በቀመሩ መሠረት የተከፈለዎት ልክ ነው። የቀነሱት ግን ያን ያህል ብቻ አይደለም። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ላስረዳዎት።

ቆጣሪ የሚቆጥረው በውስጡ ያለፈውን ኤሌክትሪክ ነው። ያላለፈውን የሚቆጥር መሣሪያ የለም። ስለዚህ «1 ኪሎዋት ሰዓት ቀንሰዋል» ሲባሉ ከጀርባው ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንዱ ከቆጣሪዎ የተነበበ ነው። ሌላው ግምት ነው፤ መልእክቱ ባይመጣ ኖሮ ምን ያህል ይጠቀሙ ነበር የሚል ግምት። ይህን ግምት ድርጅቶቹ ቤዝላይን ይሉታል። ከቤዝላይኑ ላይ የቆጣሪው ንባብ ሲቀነስ የሚተርፈው «ቅናሽ» ይባላል። ቤዝላይኑ ከተዛባ ቅናሹም አብሮ ይዛባል።

ቤዝላይን የሚሠራው በአብዛኛው ካለፉት ቀናት ነው። የእናንተን አካባቢ የጅምላ ኤሌክትሪክ ገበያ የሚመራው ፒጄኤም የሚጠቀምበት የተለመደ ቀመር አለ። ከጥሪው ቀን፣ ማለትም «ቀንሱ» የሚለው መልእክት ከመጣበት ቀን፣ በፊት የነበሩትን 5 የሥራ ቀናት ይወስዳል። ዝቅተኛውን ይጥልና የቀሩትን 4 ቀናት አማካይ ይይዛል። ካሊፎርኒያ ደግሞ ያለፉትን 10 ተመሳሳይ ቀናት አማካይ የሚወስድ ቀመር አለ። ለመኖሪያ ቤቶች የተዘጋጁት ፕሮግራሞች የየራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

አሁን የእርስዎን ቀን እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የኔ ናቸው። በቀደሙት ቀናት ከሰዓት በኋላ ባሉት 4 ሰዓታት ቤትዎ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀም ነበር እንበል። የጥሪው ቀን ግን ከነዚያ ቀናት ይልቅ የሚሞቅ ነው፤ ጥሪው የመጣውም ለዚሁ ነው። ምንም ባያደርጉ ኖሮ ኤሲው 11 ያደርሰው ነበር። እርስዎ ተቸግረው 7 አደረሱት። የቀነሱት 4 ነው። ቀመሩ ያየው ግን ከ8 ወደ 7 መውረዱን ብቻ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ለዓመታት ሲሠራበት የኖረው ክፍያ በኪሎዋት ሰዓት 1.25 ዶላር ነው። ይኸው፣ 1 ዶላር ከ25።

ጎረቤትዎስ? ቤቱ ባዶ ነው። ፍሪጁና ሌላ ሌላው 2 ኪሎዋት ሰዓት በሉ። ቤዝላይኑ ቤት በነበረበት ሳምንት የተሠራ ስለሆነ 8 ነው። 6 ሲባዛ በ1.25፣ 7 ዶላር ከ50። አውሮፕላን ውስጥ ተኝቶ። ለአንድ ወር ቆይቶ ሁለተኛ ጥሪ ቢመጣ ግን ቤዝላይኑ የባዶ ቤት ስለሚሆን ምንም አያገኝም። ልዩነቱን የፈጠረው የበረራው ቀን ነው።

እንጀራውም እንዲሁ ነው። እዚህ አገር ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካ ምጣድ 1.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋግሩ ከ2 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው፤ ቀላል አይደለም። ነገር ግን እንጀራ በየቀኑ አይጋገርም። ባለፉት የሥራ ቀናት በዚያ ሰዓት ካልጋገሩ ቤዝላይኑ ውስጥ እንጀራ የለም። በሌለበት ደግሞ መጋገሩን ማቆየትዎ አይታይም። ለኤሌክትሪክ መረቡ ግን በእርግጥ ጠቅሞታል።

ይህን የሙቀት ችግር ለማስተካከል ብዙዎቹ ቀመሮች ማካካሻ ይጨምራሉ። ከጥሪው በፊት ያሉትን ጥቂት ሰዓታት ያያሉ፤ የዚያን ቀን ጠዋት ፍጆታዎ ከወትሮው ከፍ ካለ ቤዝላይኑንም ከፍ ያደርጉታል። ጥሩ ነው፤ ግን ሌላ በር ይከፍታል። ጥሪው እንደሚመጣ ቀድሞ ያወቀ ሰው ጠዋት ያገኘውን ሁሉ አብርቶ ቤዝላይኑን ማሳበጥ ይችላል። ተረት እንዳይመስልዎ። ባልቲሞር ያለው የኦሪዮልስ ቤዝቦል ስታዲየም በዚህ ታሪክ ይታወቃል። ትላልቆቹ የሜዳ መብራቶች አስቀድመው ይበሩና ሰዓቱ ሲደርስ ይጠፋሉ፤ ከዚያ «ቀነስን» ይባላል። ጉዳዩ የፌዴራሉ ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ፈርክ ዘንድ ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ቅናሹን ገበያ ላይ ያቀርብ የነበረው ድርጅት በስምምነት ገንዘብ ከፍሎ ጉዳዩ ተዘጋ።

ረቀቅ ያለው ማሳበጥ ደግሞ ካሊፎርኒያ፣ አናሃይም ታይቷል። በ2005 ሰመር በ123 ቤቶች ላይ ሙከራ ተደርጎ የስታንፎርዱ ኢኮኖሚስት ፍራንክ ዎላክ ውጤቱን መረመረው። ክፍያ የተዘጋጀላቸው ቤቶች በጥሪ ሰዓታት ከሌሎቹ 12 በመቶ ያህል ያነሰ ተጠቅመዋል። እዚህ ድረስ ደስ ይላል። ነገር ግን ጥሪ በሌለባቸው ቀናት በነዚያው ሰዓታት ከሌሎቹ የበለጠ ተጠቅመዋል። ለምን? ቤዝላይኑ የሚሠራው ከነዚያ ቀናት ነዋ! ቆጥቡ ብሎ የሚከፍል ፕሮግራም በሌላው ቀን አባክኑ ብሎም እየከፈለ ነው።

ሌላም አለ፤ እኔን ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ይኼኛው ነው። ማንም ሳያጭበረብር፣ ምንም ሳያደርግ የሚከፈለው ገንዘብ። የቤት ፍጆታ በራሱ ይዋዥቃል። እንግዳ ይመጣል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ልጅ ኳስ ሊጫወት ይወጣል። ቤዝላይንዎ ልክ ቢሆንም እንኳ ቁጥሩ በ2 ኪሎዋት ሰዓት ወዲያና ወዲህ ይላል እንበል። ከቤዝላይን በታች የወደቀ ይከፈለዋል። ከላይ የወጣ ግን አይቀጣም። ስለዚህ ክፍያው ወደ አንድ ጎን ብቻ ነው የሚሄደው። ስሌቱን ስሠራው፣ ጣቱን ያላነቃነቀ ቤት ሁሉ በአንድ ጥሪ በአማካይ 0.8 ኪሎዋት ሰዓት «ይቀንሳል»፤ 1 ዶላር ነው። አንድ ሚሊዮን ቤት ካለ አንድ ሚሊዮን ዶላር። የሚከፍለውም በመጨረሻ ደንበኛው ራሱ ነው፣ በታሪፍ በኩል።

ስለዚህ ቢልዎ ላይ ያለው ክሬዲት የክፍያ ደንብ ውጤት ነው። መለኪያ አይደለም። ከዚህ በኋላ ያለው የእኛ የባለሙያዎቹ ሥራ ነው፤ ፕሮግራሙ በእርግጥ ፍጆታ ቀንሷል ወይ የሚለውን ማወቅ።

ለዚህ ከሁሉ የሚታመነው መንገድ ዕጣ ነው። ልክ እንደ ኮንዶሚኒየም ዕጣ፣ ማን እንደሚደርሰው ማንም አይመርጥም። 2,000 ደንበኞች ይመዘገባሉ እንበል። ለ1,000ዎቹ በዕጣ መልእክቱና አዲሱ ዋጋ ይደርሳቸዋል፤ ለቀሩት አይደርሳቸውም። ሁለቱም ቡድኖች ያው ሙቀት፣ ያው በዓል፣ ያው የኑሮ ውድነት አለባቸው። እንግዳና ልብስ ማጠብም በሁለቱም በኩል አለ። በጥሪው ሰዓት የሁለቱ አማካይ ከተለያየ፣ ልዩነቱን ያመጣው መልእክቱና ዋጋው ነው። እዚህ ላይ ያለፉት 5 ቀናት ምን ነበሩ ብሎ መጨነቅ የለም። ዕጣ ያልደረሳቸው ቤቶች፣ ዕጣ የደረሳቸው ምን ያህል ይጠቀሙ እንደነበር በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ያሳያሉ።

በ2003 እና 2004 ካሊፎርኒያ በ2,500 ገደማ ደንበኞች ላይ ባደረገችው ትልቅ ሙከራ፣ በጥሪ ሰዓታት ዋጋው በጣም ከፍ ሲል ቤቶች ፍጆታቸውን በ13 በመቶ ገደማ ቀነሱ። በእናንተው ሰፈር ባልቲሞር ጋዝ ኤንድ ኤሌክትሪክ በ2008 ባደረገው ሙከራ ቅናሹ እንደ አሠራሩ ዓይነት ከ18 እስከ 33 በመቶ ደረሰ። ከዚያ ሙከራ አንድ ውጤት በተለይ አስገራሚ ነው። በጥሪ ሰዓት ዋጋ መጨመርና ለቀነሰ መክፈል ያመጡት ቅናሽ እኩል ነበር። «እናስከፍላችኋለን» ማለት ፖለቲካው ከባድ ነው። ለዚህም ነው ሜሪላንድ የመክፈሉን መንገድ የመረጠችው ቢባል አያስደንቅም።

ግን ቁጥር ሲሰሙ ማን ተለካ ብለው ይጠይቁ። ሙከራ ውስጥ በፈቃዱ የገባ ሰው እንደ ጎረቤቱ አይደለም፤ ነገሩ ገብቶታል ወይም ለመቆጠብ ተመቻችቷል። የሳክራሜንቶው የመብራት ድርጅት ይህን በ2012 እና 2013 በደንብ ፈተሸው። ለአንዳንዶቹ «መግባት ትፈልጋላችሁ?» አለ፤ 20 በመቶ ገደማ እሺ አሉ። ሌሎቹን ራሱ አስገብቶ «ካልፈለጋችሁ ውጡ» አላቸው፤ ከ90 በመቶ በላይ ቀሩ። በፈቃዳቸው የገቡት በነፍስ ወከፍ ሲታዩ ብዙ ቀነሱ፤ የሌሎቹ ቅናሽ የእነሱን ግማሽ ያህል ነበር። ነገር ግን ብዛታቸው ከአራት እጥፍ በላይ ስለሆነ በድምሩ የበለጠ የቀነሱት ሳይጠየቁ የገቡት ናቸው። አንድ ድርጅት «ደንበኞቻችን 25 በመቶ ይቀንሳሉ» ሲል የትኞቹ ደንበኞች የሚለው ጥያቄ መልሱን በግማሽ ሊያወርደው ይችላል።

ማየትም ለውጥ ያመጣል። ኮነቲከት ውስጥ በተደረገ ሙከራ ዋጋ መጨመሩ ብቻ የተነገራቸው ቤቶች ከ0 እስከ 7 በመቶ ቀነሱ። ፍጆታቸውን በየደቂቃው የሚያሳይ ትንሽ ስክሪን የተሰጣቸው ግን ከ8 እስከ 22 በመቶ ቀነሱ። ዋጋው አንድ ነው። በተቃራኒው ስፔን ውስጥ ብዙ ቤቶች ዋጋው በየሰዓቱ የሚለዋወጥ ታሪፍ ላይ ናቸው። ተመራማሪዎች የእነዚህን ቤቶች ፍጆታ ሲመረምሩ የዋጋ ምላሻቸው ከዜሮ የማይለይ ሆኖ አገኙት። ማን ቁጭ ብሎ በየሰዓቱ ዋጋ ያያል!

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ፤ ይኼኛው ይከብዳል። ታሪፍ ሲጨምር ለሁሉም እኩል ነው የሚጨምረው። ዕጣ የለም፤ ያልጨመረበት ጎረቤትም የለም። ያኔ ነው ሰው ወደ ያለፈው ዓመት ቢል የሚሮጠው። አይበቃም። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይ። ኢኮኖሚስቶች ምላሹን በኢላስቲሲቲ ይለኩታል። ኢላስቲሲቲው 0.1 ከሆነ ዋጋ በ10 በመቶ ሲጨምር ፍጆታ በ1 በመቶ ይቀንሳል ማለት ነው። ለኤሌክትሪክ በአጭር ጊዜ የሚገኘው ቁጥር በአብዛኛው እዚያ አካባቢ ነው። እንግዲህ ዋጋው በ20 በመቶ ቢጨምር የሚጠበቀው ቅናሽ 2 በመቶ ነው። ከአምናው ሐምሌ ይልቅ የዘንድሮው ሐምሌ ትንሽ ሞቅ ቢል ግን ኤሲው ብቻውን ፍጆታውን በ10 ወይም በ15 በመቶ ሊያስነሳው ይችላል። የምንፈልገው 2 በመቶ የት ይታያል? ሙቀቱን በስሌት ማስተካከል ይቻላል፤ ሁላችንም እናደርገዋለን። ነገር ግን የማስተካከያው ስህተት ራሱ ከምንፈልገው ቁጥር ሊበልጥ ይችላል።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ድንበር ይፈልጋሉ። ኮይቺሮ ኢቶ የሚባል ኢኮኖሚስት ካሊፎርኒያ፣ ኦሬንጅ ካውንቲ ውስጥ አገኘው። እዚያ የሁለት የመብራት ድርጅቶች ወሰን የአንዳንድ ከተሞችን መሃል ያቋርጣል። ወሰኑ ወዲያና ወዲህ ያሉት ቤቶች ሙቀታቸውም ገቢያቸውም ይመሳሰላል፤ ታሪፋቸው ግን በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ መጠን ተቀያይሯል። በ2014 ያሳተመው ውጤት ብዙዎችን አስደንግጧል። ሰዎች የሚከተሉት የመጨረሻዋን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ አይደለም። ጠቅላላውን ቢል አይተው በአማካዩ ዋጋ ነው የሚወስኑት። ይህ ኢትዮጵያ ላሉትም ይመለከታል፤ የቤት ታሪፉ እዚያም በፍጆታ ደረጃ ከፍ እያለ የሚሄድ ነው። የላይኛው ደረጃ ሲወደድ ሰው ይቆጥባል ብሎ ታሪፍ የሚነድፍ ሰው፣ ደንበኛው ደረጃውን ያያል ወይስ ድምሩን ብሎ መጠየቅ አለበት። እዚያ ሌላም ጣጣ አለ። መብራት በጠፋበት ሰዓት ቆጣሪው ዜሮ ይላል፤ ያንን የዋጋ ምላሽ ነው ብሎ የሚደምር ጥናት ከመነሻው ተበላሽቷል።

እናንተም ድንበር አላችሁ። ፒጄኤም በሐምሌ 2024 ባወጣው ጨረታ፣ ከሰኔ 2025 ጀምሮ ለነበረው አንድ ዓመት የኃይል አቅም ዋጋ (ማመንጫዎች በተፈለጉ ጊዜ ዝግጁ ሆነው እንዲቆዩ የሚከፈለው) በቀን በሜጋዋት ከ28.92 ዶላር ወደ 269.92 ዶላር ዘለለ። ያኔ ቢላችሁ የጨመረበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነበር። በባልቲሞሩ ድርጅት ክልል ግን ዋጋው 466.35 ደረሰ። የሲልቨር ስፕሪንግን አብዛኛውን ክፍል የሚያገለግለው ፔፕኮ 269.92 ላይ ቀረ። የሁለቱ ድርጅቶች ወሰን በሞንትጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች ውስጥ ያልፋል። በዚያ ዓመት ሙቀቱ አንድ፣ ዋጋው ሁለት ነበር። ሌሎቹን የቢል ክፍያዎች ለይቶ ማውጣት ቢጠይቅም፣ የማስተርስ ጽሑፍ ርዕስ ለሚፈልግ ተማሪ እኔ ብሆን ይህን ነበር የምሰጠው።

ጊዜም መጠየቅ አለበት። ኢሊኖይ ውስጥ ከ250 በላይ ከተሞችና መንደሮች በጋራ ኤሌክትሪክ ሲገዙ ዋጋቸው ከሌሎች ተለየ፤ ልዩነቱም ለዓመታት ቆየ። እዚያ ኢላስቲሲቲው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት 0.09 ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ 0.27፣ ሦስት እጥፍ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በመጀመሪያው ወር ማድረግ የሚቻለው ማጥፋት ብቻ ነው። አሮጌው ኤሲ ተበላሽቶ ሌላ ሲገዛ፣ ጣሪያው ሲጠገን፣ ማሞቂያው ሲቀየር ነው ትልቁ ለውጥ የሚመጣው። ዋጋ ጨምሮ በሦስት ወር ውስጥ «ሰው ግድ የለውም» ብሎ የሚደመድም ሪፖርት ቸኩሏል።

ድንገተኛ የዋጋ ንረትም ይረዳል፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ2000 ሰመር ሳን ዲዬጎ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በሁለት ወር ገደማ የቤቶች ፍጆታ ከ12 እስከ 13 በመቶ ወረደ። መንግሥት የዋጋ ጣሪያ ሲያደርግ ተመልሶ ወጣ። ይህ ንጹሕ የዋጋ ምላሽ ይመስላል። ጁኖ፣ አላስካን ግን ይመልከቱ። በሚያዝያ 2008 የበረዶ ናዳ የከተማዋን ዋና የኤሌክትሪክ መስመር ሰበረው። ከተማዋ በናፍጣ ጄኔሬተር ስትኖር ዋጋው ብዙ እጥፍ ሆነ፤ ፍጆታውም ከቀደመው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት በ25 በመቶ ወረደ። መስመሩ ተጠግኖ ዋጋው ከተመለሰ በኋላም 8 በመቶው ቀረ። እና ያ 25 በመቶ የዋጋ ነው? ሬዲዮው፣ ጋዜጣው፣ ሱቁ ሁሉ የሚያወራው ስለ መብራት ነበር። ጎረቤት ጎረቤቱን ያያል። ዋጋውንና ወሬውን ለይቶ የሚያሳይ ዕጣ አልነበረም። ስለዚህ ይህን ቁጥር ወስዶ «ዋጋ በዚህን ያህል ቢጨምር ባልቲሞርም 25 በመቶ ትቀንሳለች» ማለት አይቻልም።

ለእርስዎ ቤት የምመክረው ይህ ነው። ስማርት ቆጣሪ ስላለዎት ከድርጅቱ ድረ ገጽ የሰዓት በሰዓት ፍጆታዎን ማውረድ ይችላሉ። የጥሪውን ቀን ከትናንት ጋር አያወዳድሩት፤ ሙቀቱ ከዚያ ቀን ጋር ከሚቀራረብና ጥሪ ካልነበረበት ሌላ የሥራ ቀን ጋር ያወዳድሩት። እንደዚያ ያሉ ሦስት አራት ቀናት ካገኙ ክሬዲቱ ከሚነግርዎት የተሻለ ግምት ይኖርዎታል። ከአንድ ቤት ግን ከዚያ በላይ አይጠብቁ፤ መዋዠቁ ብዙ ነው።

ክሬዲቱንም ከፈለጉ ዋናው ኤሲው ነው። ከጥሪው ሰዓት በፊት ቤቱን ትንሽ አቀዝቅዘው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ቴርሞስታቱን በ4 ወይም በ5 ፋራናይት ከፍ ያድርጉት። የልብስ ማድረቂያውን ለማታ ይተዉት። እንጀራውን በፈለጉበት ቀን ይጋግሩ፤ ለክሬዲቱ ብለው አይቸገሩ። በጣም በሚሞቅ ከሰዓት በኋላ ቢያቆዩት ግን ደግ ነው፤ ኩሽናዎም አይሞቅም፣ ኤሲውም ያንን ሙቀት ለማውጣት ተጨማሪ መብራት አይበላም።